የዘበኛው መልእክት

ታላቅ ወንድሜን ቤተሰቡ ሁሉ «ዘበኛው» ነበር የሚለው። በሩ መቆለፉን ሦስት ጊዜ ሳያይ አይተኛም፤ ፕሮግራም ጻፊ ሆኖም አመሉ አለቀቀውም። ከላፕቶፑ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው ሁሉ መጀመሪያ በአንድ ፕሮክሲ በኩል እንዲያልፍ አድርጎ ነበር፤ እዚያው ማሽኑ ውስጥ ተቀምጦ ምን ወጣ ምን ገባ መስመር በመስመር የሚያሳይ ጠባቂ። ከሞተ ከሁለት ወር በኋላ መሥሪያ ቤቱ ላፕቶፑን ውስጡን ሳይነካ አጥፍቶ ላከልኝ።

እማዬ ኢንተርኔት ላይ ያስቀመጣቸውን ፎቶዎች ፈልጊልኝ ብላኝ ስለነበር ማክሰኞ ጠዋት ቢሮዬ ውስጥ ከፈትኩት። የነካሁት ገጽ ሁሉ «ግንኙነቱ ተከልክሏል» ይላል። ኬብል ቀያየርኩ፣ ዋይፋዩን ረገምኩ፤ ስልኬ ግን በዚያው ዋይፋይ እንደ ልቡ ይሠራል። እኔም የዚያው ሙያ ሰው ነኝና ሴቲንጉን ሳየው አፈርኩ። ማሽኑ ሁሉን ነገር ወደ ፕሮክሲው ይልካል፣ ፕሮክሲው ግን ጠፍቷል፤ ተቀባይ የለም። ሴቲንጉን ሰርዤ መገላገል እችል ነበር። የወንድሜን ጠባቂ ከሥራ ማባረር ግን አንጀቴ እምቢ አለኝና ፕሮክሲውን አስነሳሁት።

ወዲያው አንድ መስመር ብቅ አለ። እኔ ምንም አልነካሁም። በወንድሜ ስም ወደ እማዬ ስልክ የሄደ መልእክት ነው፤ «እማዬ፣ እንደምን አደርሽ? ኪኒንሽን ዋጥሽ?»

ለካ በሕይወት ሳለ እማዬን በየጠዋቱ የሚጠይቃት ራሱ አልነበረም፤ የጻፈው ትንሽ ፕሮግራም ነበር። እሱም ማሽኑን ከከፈትኩ ጀምሮ ደጋግሞ ሲሞክርና ሲከለከል ቆይቶ፣ አሁን አለፈ።

እማዬ ልቧ ደካማ ነው፣ የምትኖረውም ብቻዋን ነው። ከቀብሩ መልስ «በሱ ቦታ እኔ እጠይቅሻለሁ» ብዬ ምዬላት ነበር፤ ድምጿን መስማት ሲከብደኝ ግን ስንቱን ቀን ጆሮ ዳባ ልበስ ብያለሁ። ደወልኩ። አታነሳም። ደግሜ ደወልኩ። በድንጋጤ ወድቃ ቢሆንስ? ቦርሳዬን እንኳ ሳልይዝ ወጣሁ።

ታክሲ ውስጥ ስልኬ ነዘረ። የወንድሜ ስም ነው። «እማዬ ዝም ብላለች። ሂጂና እያት።»

ይህን መልእክት አውቀዋለሁ፤ እማዬ ሳትመልስ ስትቆይ ለካ ይኸው ፕሮግራም ነበር የሚልክልኝ። በሕይወት ሳለ ስንቴ «አትነዝንዘኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ!» ብዬ መልሼለታለሁ። አሁን ግን ጮክ ብዬ «እየሄድኩ ነው» አልኩት። ሾፌሩ በመስታወት አየኝ።

በሩን በራሴ ቁልፍ ከፈትኩ። እማዬ ወጥ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ደህና ናት። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ታፈጥበታለች።

«እማዬ! ስደውል ለምን አታነሺም?»

«መልስ እየጻፍኩ ነዋ።»

አጠገቧ ተንበረከክሁ። «እማዬ፣ እሱ አይደለም። ማሽን ነው። ሳላውቅ የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ ልጄ። ድሮም አውቅ ነበር። ያ እንቅልፋም፣ መቼ በጠዋት ተነስቶ ያውቃል?» ጉንጬን ዳሰሰችኝ። «ዝም ስለው ግን ይጨነቃል።»

ስልኩን ወደ እኔ አዞረችው። መጻፊያው ባዶ ነው።

«ምን ብዬ ልመልስለት? ደህና ነኝ ብለው ውሸት ነው። ሞተሃል ልበለው?»