ናዲያድ ላይ መነሳት

ከአህመዳባድ ወደ ቫዶዳራ በሚመለሰው የአሥራ አንድ ሰዓት ባቡር፣ በሴቶች ፉርጎ ውስጥ ሕግ አለ። እስከ መንገዱ አጋማሽ፣ እስከ ናዲያድ ጣቢያ የተቀመጠች፣ ናዲያድ ላይ ተነስታ ለቆመችው ትለቃለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስመላለስ ይህን ሕግ የጣሰች ሴት አላየሁም። ሰኞ ዕለት ግን ኡርቪ የምትባል አዲስ ልጅ ናዲያድ ደርሰንም ተቀምጣ ስልኳን ትጎረጉራለች።

«አንቺ ልጅ፣ ተራሽን ጨርሰሻል፤ ተነሺ» አልኳት።

«ቀድሜ ነው የመጣሁት፤ አልነሳም!»

ጓደኛዬ ዳማያንቲ ልትጮህባት ስትል ክንዷን ያዝ አደረግኳት። ሌላም ሕግ አለና! የቆመች ብረት ትይዛለች፤ የተቀመጠች ግን እጇ ባዶ ስለሆነ የቆሙትን የእራት አትክልት ታሰናዳለች።

«ይመችሽ የኔ እመቤት» አልኩና እሸት አተሬን ከነከረጢቱ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩት። ዳማያንቲም የሷን ጨመረች። ከበሩ በኩል ደግሞ ሦስተኛ ከረጢት ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ መጣ።

«ይሄን ሁሉ እኔ ልፈልፍል?»

«የተቀመጠ ይፈለፍላል። እኔማ ቆሜያለሁ፤ በምን እጄ?»

ሴቱ ሁሉ በሳቅ አውካካ። ቫዶዳራ ስንደርስ የልጅቷ ጥፍር አረንጓዴ ሆኖ ነበር።

ማክሰኞ፣ ባቡሩ ናዲያድ ገና ሳይቆም ኡርቪ ብድግ አለች። «እትዬ ኮኪላ፣ ይምጡ፣ ይቀመጡ።»

«አላልኳችሁም?» በሚል ዓይን ሴቶቹን ቃኘሁና ተደላድዬ ተቀመጥኩ። ወዲያው አንድ ትልቅ ከረጢት ጭኔ ላይ ዱብ አለ።

«አራት ኪሎ አተር ነው፤ ቤት እንግዳ አለብን» አለች ኡርቪ፣ ብረቱን ጨብጣ።