ቢጫዋ ዓሣ ከሞተች

ሕዝቅያስ የዓሣ ገንዳውን ፎቶ ሲያነሳ ቤት ውስጥ መራመድ ክልክል ነበር። ዌስትላንድስ በሚባለው ሰፈር የተከራዩት ቤት ወለሉ እንጨት ነው፤ ኮሪደር ላይ ሰው ካለፈ ሳሎን የቆመው የካሜራ ማቆሚያ ይነቃነቅና ገንዳው ውስጥ ያለው ኮራል፣ ያ ድንጋይ መሳይ የባሕር ፍጥረት፣ ደብዝዞ ይወጣል። ስለዚህ እሱ ፓምፑን አጥፍቶ፣ ውሃው እስኪረጋ ጠብቆ፣ ዓይኑን ካሜራው ላይ ሲደቅን ሚስቱ መሠረትና ልጃቸው ናፍቆት ባሉበት ደርቀው ይቀራሉ። ናፍቆት አንድ ቀን ስልክ ልታነሳ ስትሮጥ በጥፊ ካጮላት ወዲህ መሠረት ወጥ እያማሰለች እንኳ ቢሆን ማማሰያዋን ይዛ ትቆማለች። ወጡ ቢያርም ይረር።

ሰውየው መሃል ከተማ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ደንበኛ ያመናጭቃል፣ ሠራተኛ ይሰድባል፤ ገንዳው ፊት ሲቀመጥ ግን ድምፁ እንደ ሞግዚት ይለሰልሳል። ሁለት ሜትር መስታወት ሙሉ የጨው ውሃ ነው። ድንጋዩንና ኮራሉን አብደላ የሚባል የሞምባሳ ሰው በሳጥን እያሸገ በአውቶቡስ ይልክለታል። ሕዝቅያስ ፎቶዎቹን ኢንተርኔት ላይ ሲያወጣቸው ከየአገሩ እንደሱ ገንዳ ያላቸው ሰዎች ያደንቁለታል፤ ያን ቀን ቤቱ ሰላም ያድራል።

ነገሩ የተበላሸው አብደላ አዲስ ድንጋይ ከላከ በኋላ ነው። መጀመሪያ ሁለቱ ብርቱካናማ ዓሣዎች ጠፉ። ቀጥሎ ሰማያዊዋ ጎኗ በመዶሻ የተመታ ያህል ደቅቆ ተገኘች። በዚያ ሳምንት ሕዝቅያስ ሞምባሳ ስለነበር ዓሣዎቹን የምትመግበው ናፍቆት ነበረች። ሌላ ጥፋተኛ አልፈለገም። ለጥፊው ልትበቀለኝ በመመገቢያው ዘንግ ወጋችብኝ አለና ቀበቶውን ፈታ። ልጅቷ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። መሠረት መሃል ገብታ የቻለችውን ያህል በክንዷ ተቀበለች፤ ያልቻለችው ልጅቷ ጀርባ ላይ አረፈ።

ሲጨርስ ቀበቶውን እየታጠቀ፣ “ቢጫዋ ከሞተች ይሄን እጅሽን እሰብረዋለሁ” አላት። “ከዚያ በምን እንደምትወጊ አያለሁ።”

ገንዳው ውስጥ የቀረችው ቢጫዋ ብቻ ነበረች።

መሠረት ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣች። ማለዳ ተነስታ ቢጫዋ መዋኘቷን ሳታይ ፊቷን አትታጠብም። ናፍቆት ግን ዓሣ ስትመግብ ከአዲሱ ድንጋይ ውስጥ የሆነ ነገር ሲያንኳኳ እንደምትሰማ ደጋግማ ነገረቻት። ለአባትየው መንገር ዋጋ እንደሌለው ሁለቱም ያውቁታል። ሕዝቅያስ ሰው አያምንም፤ ፎቶ ነው የሚያምነው። መሠረት ይህን ስታሰላስል ቆየችና፣ ገዳዩን በዓይኑ ካየ ልጄን ይተዋታል ብላ ቆረጠች።

ቅዳሜ እሱ ሱቅ እንደሄደ፣ መስታወቱ እንዳያንጸባርቅ መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ጋረዱ። ፓምፑን አጠፉ፤ ያ ቀን ከሌት የማያባራ ጉምጉምታ ጸጥ ሲል የገዛ ትንፋሻቸው ተሰማቸው። ናፍቆት አባቷን ለዓመታት አይታለች። ካሜራውን መስታወቱ ፊት ቀጥ አድርጋ አቆመች፤ ወደ ጎን ካዘመመ ምስሉ ይጣመማል። መሠረት ቁራጭ ሥጋ በክር አስራ አዲሱ ድንጋይ ላይ ባለው ጉድጓድ አፍ አንጠለጠለች።

ድንጋዩ ቋ አለ።

“ማሚ፣ ዶንት ሙቭ” አለች ናፍቆት በሹክሹክታ።

መጀመሪያ ዓይኖቹ ወጡ፤ በቀጭን ዘንግ ላይ የተሰኩ፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻ የሚዞሩ። ቀጥሎ አረንጓዴው ገላው ወጣ፣ ሽሪምፕ የሚባለውን ትንሽ የባሕር እንስሳ ይመስላል፤ ክንዶቹን እንደ ቦክሰኛ አጥፏል። ሥጋው አጠገብ አንድ ቀንድ አውጣ ነበረች። ክንዱ ሲዘረጋ አልታየም። ቅርፊቷ ሲፈነዳ ብቻ አዩ፣ ውስጧም ሲዘረገፍ። ናፍቆት ካሜራውን ደጋግማ ተጫነችው። ፎቶውን ሲያዩት መሠረት ተንበርክካ ወለሉን ሳመች።

ሕዝቅያስ ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። ናፍቆት ካሜራውን ሰጠችው። ምስሉን አሳድጎ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ፤ ፊቱ ፈካ።

“ፎከሱ ልክ ዓይኑ ላይ ነው ያረፈው” አለ። “በጣም ጥርት ያለ ነው። ማን አሳየሽ?”

“አንተን እያየሁ ነው፣ ዳዲ።”

ለአብደላ እንደሚያሳየው፣ ኢንተርኔት ላይ የዓመቱ ፎቶ እንደሚሆን እየተናገረ ወዲያ ወዲህ አለ። መሠረት ጠበቀች። ሌላ ነገር እንደማይናገር ሲገባት፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ “እንግዲህ ልጅቷን ይቅርታ በላት” አለችው።

ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ጠፋ።

“በገዛ ቤቴ ይቅርታ ልጠይቅ?” ካሜራውን ቀስ ብሎ ሶፋው ላይ አስቀመጠ። “እሺ። ገዳዩ እሱ ከሆነ አሁን እናረጋግጣለን።”

የናፍቆትን የእጅ አንጓ ያዘና ገንዳው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ጎትቶ አወጣት፤ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ውሃ ውስጥ ነከረው። ጉንጯ ከገንዳው በላይ ያለው የጋለ መብራት ላይ ተጣበቀ። ኮራሉ ቆዳዋን ሲገሽልጠው ውሃው ቀላ። መሠረት ጀርባው ላይ ተንጠለጠለች፤ በክርኑ አፏን መትቶ ጣላት። ጉድጓዱ የት እንደሆነ ፎቶው አሳይቶታል፤ የልጅቷን ጣቶች ወደዚያው ገፋቸው።

ቋ።

ናፍቆት የጮኸችውን ጩኸት መሠረት ከዚያ በፊት ከሰው ጉሮሮ ሲወጣ ሰምታ አታውቅም። ማድ ቤት ገብታ የብረቱን ዘነዘና ይዛ ተመለሰች። ሰውየው ገና አልለቀቃትም ነበር። መስታወቱን መታችው፤ ዘነዘናው ነጠረ። ሁለተኛ ስትመታው ስንጥቁ ከጥግ እስከ ጥግ ሄደ።

“ኮራሉን፣ አንቺ እብድ” አለ ሕዝቅያስ። የልጁን እጅ ያን ጊዜ ለቀቀ፤ ስንጥቁን በመዳፎቹ ሊይዝ ጎነበሰ።

ለሦስተኛ ጊዜ መስታወቱን መታችው።

ውሃው ሦስቱንም ጠርጎ ግድግዳው ሥር ወረወራቸው። ሶኬቱ ተንጣጥቶ መብራቱ ጠፋ። መሠረት ስትነሳ ጉልበቷ ላይ ስባሪ ተሰክቶ ነበር፤ ነቅላ ጣለችው። ናፍቆት በሩ ጋ ደርሳ እጇን ደረቷ ላይ አቅፋለች፤ የአውራ ጣቷ ጥፍር የለም፣ ጣቷም ወደማይታጠፍበት ታጥፏል። ሕዝቅያስ መስታወት ላይ በጉልበቱ እየዳኸ ነው። መዳፎቹ ተተልትለዋል፣ አላስተዋላቸውም። ቢጫዋ ምንጣፉ ላይ ትፈራገጣለች፤ በደም እጁ አነሳት፣ አሟለጨችው፣ ደግሞ አነሳት።

“ባልዲ” አለ ቀና ሳይል። “መሠረት፣ ባልዲ አምጪ። ቶሎ በይ፣ ልትሞት ነው።”

እግሯ ወደ ማድ ቤት ሁለት እርምጃ ሄደ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አምጪ ሲላት አምጥታለች። ባልዲው ከማጠቢያው ሥር እንዳለ፣ የጨው ውሃ መሞላቱንም ታውቃለች። ቆመች። ዞራ በውሃው መሃል፣ በስባሪው ላይ፣ ወለሉ እስኪንቀጠቀጥ እየረገጠች ወደ ልጇ ሄደች፤ ደህናውን እጇን ያዘች።

የግቢው ዘበኛ ደማቸውን አይቶ ምን እንደሆኑ በስዋሂሊ ሲጠይቃት ሆስፒታል ከሚለው ቃል ሌላ አልመለሰችለትም። በሩን ከፈተው። ባልዲ እያለ የሚጣራው ድምፅ መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር።