የኔታ ሙላቴ እንደገና የጻፉት ደብዳቤ

ጣሊያን ደብረ ታቦር በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በጥር ወር፣ የአርበኞቹ አለቃ ፊታውራሪ ደምሴ ለቅኔ መምህሩ ለየኔታ ሙላቴ መልእክት ላኩ። ጣሊያን ቅዳሜ የደብረ ታቦርን ገበያ ከቦ ወንዱን ሊይዝ ነውና ሕዝቡን ያስጠንቅቁልኝ የሚል ነበር።

የኔታ ሦስት ቀን ደክመው ሁለት ገጽ ጻፉ። እሑድ በደብራቸው ከቅዳሴ በኋላ ራሳቸው አነበቡት። ሕዝቡ ቆሞ ሰማ፤ አንዳንዱም አለቀሰ። ቅዳሜ ግን ገበያ ወጣ። ከደብሩ ሰው አሥራ አራት ወንድ ታፈሰ። ከእነዚህ አንዱ የእቴነሽ ባል ይርጋ ነበር።

ሰኞ ጧት እቴነሽ ከየኔታ ጎጆ ደጃፍ ቆመች።

«የኔታ፣ ደብዳቤዎ ባሌን አስያዘው።»

«እንዳትሄዱ ብዬ ጽፌ የለም እንዴ?»

«የቱ ላይ?»

ወረቀቱን አውጥተው ጣታቸውን አሳረፉበት። «ይኸው። ‹ኅብእት መሥገርቱ ለጸላኢ ውስተ ምሥያጥ።›»

«ምን ማለት ነው?»

«ጠላት ገበያ ውስጥ ወጥመድ ደብቋል ማለት ነው።»

«ታዲያ ለምን እንዲህ ብለው አልጻፉትም? እኛ ምርቃት መስሎን አሜን አልን።»

የኔታ ፊታቸው ጠቆረ። አርባ ዓመት ሲያስተምሩ እንዲህ የደፈራቸው አልነበረም። ወረቀቱን አጥፈው አስቀመጡና፣ «ማክሰኞ ሳምንት ደግሞ አንበሳሜ ገበያን ሊከቡ ነው ብለው ፊታውራሪ ልከዋል» አሉ። «ግቢና ተቀመጪ። ስጽፍ ያልገባሽን ንገሪኝ። አትፍሪኝ።»

«አልፈራዎትም» አለችና ገባች።

ጻፉ፤ አነበቡላት። በየመስመሩ አስቆመቻቸው። ስለ ሰማዕታት የጻፉት መግቢያ ላይ ሲደርሱ፣ «ይሄ ያምራል፤ ያውጡት» አለች። «ሰው እሱን ሲያደንቅ ቀኑን ይረሳዋል።»

የኔታ ብዕራቸውን ይዘው ትንሽ አመነቱ። ከዚያ ሰረዙት። ከቀትር በፊት የቀረው ይህ ብቻ ነበር፦

«ማክሰኞ አንበሳሜ ገበያ አትውጡ። ጣሊያን ወንዱን ከቦ ሊይዝ ነው። የሰማ ላልሰማ ይንገር።»

«ቅዳሴ የማይመጣስ?» አለች እቴነሽ። «እስላሙ ነጋዴ በምን ይስማ?»

የጨው ነጋዴውን አደምን አስጠሩት። አደም አንዴ ሰምቶ፣ «ወረቀቱ ይቅር፣ የኔታ። ኬላ ላይ ይፈትሹናል። ይሄንን በቃሌ እይዘዋለሁ» አለ። አህዮቹን ነድቶ እስከ አንበሳሜ ድረስ ባደረበት ቤት ሁሉ ተናገረው።

ማክሰኞ ሦስት መኪና ወታደር አንበሳሜ ደረሰ። ገበያው ላይ ያገኘው ጥቂት አሮጊቶችን ነበር። እስከ ቀትር ጠብቆ ባዶውን ተመለሰ።

ይርጋ ግን ገና ደብረ ታቦር እንደታሰረ ነበር። በሳምንቱ ፊታውራሪ ሌላ መልእክት ላኩ። የኔታ ጽፈው ሲጨርሱ ለማንም ሳያነቡ ወደ እቴነሽ አውድማ ወረዱ። ብቻዋን ጤፍ ታበራይ ነበር። በሬዎቹን ሳታቆም «ያንብቡልኝ» አለቻቸው።