ከመጋረጃው ወዲህ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው በዚያ ከተማ ተረት ብቻ አልነበረም፤ መተዳደሪያ ደንብ ነበር ማለት ይቻላል። አዲስ ሹም መጣ ሲባል ሰው የሚጠይቀው ምን ያውቃል ብሎ ሳይሆን የማን ዘመድ ነው ብሎ ነው። ዘንድሮ ግን ምክር ቤቱ አፈረና ለውሃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊነት አዲስ ዘዴ አመጣ። ተወዳዳሪዎቹ ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው ይናገራሉ፤ ስም አይጠራም፤ ሦስት ዳኞች በሰሙት ብቻ ነጥብ ይሰጣሉ። የአንዱን ተወዳዳሪ ድምፅ የለየ ዳኛ አወቅሁ ብሎ ይወጣል።

ከዳኞቹ አንዱ ጡረታ የወጣ መሐንዲስ ነው። ግንበኛ ግድግዳ እንደሚያቀናበት ገመድ ቀጥ ያለ ሰው በመሆኑ «ቱምቢ» ይሉታል። እሱም ይህን ስም ይወደዋል፤ ከልኩ በላይ ይወደዋል።

አንዱ ተወዳዳሪ ጉሮሮውን ጠርጎ «እሺ፣ ከታች እንጀምር» ሲል ቱምቢ ክው አለ። ታናሽ ወንድሙ ነው። አባታቸው ሲሞት ያሳደገው፣ ሂሳብ ሲያስጠናው ይህችኑ አነጋገር ያስለመደው እሱ ራሱ ነው። እንደሚወዳደር ግን ትንፍሽ አላለለትም ነበር።

መውጣት ነበረበት። ከወጣና ታናሹ ካሸነፈ ግን ሰው «ቱምቢም እንደ ሌላው ነው፣ ወጥቶ ለዳኞቹ ጠቆመና ወንድሙን አሾመ» ማለቱ አይቀርም። የሰው አፍ አስፈራውና ቁጭ አለ።

ታናሹ ስለ ውሃ እጥረቱ ተጠየቀ። አዲስ ጉድጓድ ከማስቆፈሩ በፊት በአሮጌ ቧንቧ መሬት ውስጥ የሚባክነውን እንደሚያስቆም፣ ከየትኛው ሰፈር እንደሚነሳና ለምን እንደሆነ አንድ በአንድ አስረዳ። ሌሎቹ ዳኞች በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። ቱምቢ በልቡ ኮራ፤ መኩራቱ ደግሞ አስደነገጠው። ያዳላ መሰለውና ከሁሉም ዝቅ ያለውን ነጥብ ሰጠው። አይ ሰው! ለወንድሙ ሲያዳላ ያፍራል፣ በወንድሙ ላይ ሲያዳላ ግን ጻድቅ የሆነ ይመስለዋል።

ታናሹ ለጥቂት ወደቀ። ቦታውን ያገኘው ስለ ቧንቧ ሲጠየቅ ስለ ራእይ ያወራው ሰውዬ ነው።

ቱምቢን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም። በማግስቱ ታናሹ ሲመጣ ፊቱን ማየት አቅቶት ወንበር ሲያስተካክል ቆየ። ታናሹ መወዳደሩን ያልነገረው፣ ወንድሙ ዳኛ መሆኑን ስለሰማና ሊያስጨንቀው ስላልፈለገ እንደሆነ ገለጸለት። ተቀጥሮ በሚሠራበት በዚሁ የውሃ ጽሕፈት ቤት ዘመድ ያለው ሁሉ ሲያልፈው እንደኖረና ይህ የመጨረሻ ሙከራው እንደነበረም ነገረው።

«ጋሼ፣ አንተ አትዋሸኝም። የወደቅኩት እውነት ስለማልችል ነው?»

ቱምቢ እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። ከተናገረ ውድድሩ ይሰረዛል፤ ስሙም አብሮ ይሄዳል። ራሱን ጠላ።

«አዎ» አለ።

ታናሹ ሊሄድ ተነሳ። «እንኳን ጠየቅኩህ። ዛሬ አቤቱታ ላስገባ ነበር፤ እንግዲህ መልቀቂያ አስገባለሁ» አለና የወንድሙን ትከሻ ስሞ፣ አመስግኖት ወጣ።