የሠርግ ካርዱ ፊደል

ሉቅማን ሳይፈልግ «እሺ» ያለው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዷም በቃችው።

በሰው አገር፣ ኪሰንዪ በሚባል ሰፈር፣ ከታክሲ መናኸሪያው ዝቅ ብላ ባለችው የሐጂ ሸምሰዲን ማተሚያ ቤት ዲዛይነር ሆኖ መሥራት ከጀመረ ስድስት ዓመቱ ነው። ሐጂ፣ ከወሎ ሲመጣ አውቶቡስ ድረስ ወርደው የተቀበሉት፣ ማረፊያና ሥራ የሰጡት፣ ወባ ሲጥለው ሐኪም ቤት አብረውት ያደሩ የአገሩ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ሻዩን ፉት እያለ «ልጄን ፈርሃናን ላንተ አስቤያታለሁ፤ ሱቁም የእናንተው ይሆናል» ሲል ምን ተብሎ ይመለሳል? ሉቅማን ያን ቀን የመጣው ሊሰናበታቸው ነበር። ናይሮቢ የመማሪያ መጻሕፍት የሚያዘጋጁ ሰዎች ፊደል እንዲነድፍላቸው ጠርተውታል፤ ይህን ሥራ ከልጅነቱ ሲመኘው ኖሯል። ይሉኝታ አፉን ያዘው። «እሺ ሐጂ» አለ።

በማግስቱ መላ ዘየደ። «ለፈርሃና ካርድ የሱቁ ፊደል አይመጥንም። አዲስ እነድፋለሁ፤ እሱ ሳያልቅ ግን ካርድ አይታተምም» አለ። ሐጂ ማሻአላህ ብለው መረቁት።

የካርዱ ግማሽ እንግሊዝኛ ነው፤ እሱም ደማቅ፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለ፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ትንንሽ እግር ያለው ፊደል። አማርኛው አብሮት እንዲሄድ ኮምፒዩተሩ ላይ ገፋ አድርጎ ማጋደም የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። እንደዚያ የተጋደመ ፊደል ግን ግድግዳ የተደገፈ ሰካራም ይመስላል። ወጉን ጠብቆ ለመሥራት እያንዳንዱን እንደ አዲስ መንደፍ ግድ ነው። ሲደምቅ የ«መ» ቀለበቶች ይደፈናሉ፤ ሲያዘነብል የ«ሐ» ሦስት እግሮች ይረጋገጣሉ። ከሁለት መቶ ሠላሳ በላይ ፊደል! ሉቅማን አላህን አመሰገነ። አንዱን ሲጨርስ ሌላውን ያፈርሳል። ሐጂ በየሳምንቱ «ደረሰ ወይ?» ሲሉ፣ «‹ቋ› ትንሽ አስቸግራኛለች» ይላል። ካርዱ ላይ ደግሞ «ቋ» የሚባል ነገር የለም።

ምን ያደርጋል! ዓመት ሲሞላው ወሬው ማዶ ያለው ቡኮቶ ሰፈር ድረስ ደረሰ። ሴቶቹ ባሎቻቸውን መውቀሻ አገኙ፤ ለሙሽሪት ካርድ ዓመት ሙሉ ፊደል የሚነድፍ ወንድ እያለ እናንተ ምን ሠራችሁ አሏቸው። የሱቁ ጎረቤት፣ ልብስ ነጋዴዋ ሐቢባ፣ «ካርዱ ላይ የሌለውን ፊደል ለምን ይለፋበታል?» ብለው ሲጠይቋት፣ «ለልጆቻቸው ስም ነዋ!» ብላ መለሰች። ሐጂ ይህን ሲሰሙ እንባ ተናነቃቸው። ሉቅማን ሊሸሽበት የቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ራሱ ገባ፤ በገባበት ሁሉ አጨበጨቡለት። ከናይሮቢም የመጨረሻ መልእክት መጣ፦ እስከ ዓርብ ካልመለስክ ሌላ ሰው እንቀጥራለን።

ሐሙስ ከሰዓት ፈርሃና መጣች። ኪዋቱሌ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት፤ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር በቦዳ ሞተር ተሳፍራ ነው የደረሰችው። ሐጂ ለዐስር ሶላት መስጊድ ሄደው ነበር።

«እስቲ አሳየኝ» አለችው።

ስሟን ከፈተላት። እውነት ለመናገር ያምር ነበር። ማማሩ ራሱን አናደደው።

«እኔን እየኝ፣ ቀና በል» አለች። «ካርዱ የሚፈልጋቸው ፊደላት ካለቁ ወራት ሆኗቸዋል። ፋይሉን አይቼዋለሁ። ሉቅማን፣ ካልፈለግህ ለእኔ ንገረኝ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ እላቸዋለሁ፤ ባንተ አይፈርዱም።»

ዓመት ሙሉ የፈለገው በር ይኸው ተከፈተ። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የምትጠበቅበት። ግን ለእሱ ብላ የሰፈር አፍ ውስጥ ልትገባ የመጣችን ልጅ፣ ዓይን ዓይኗን እያዩ «አልፈልግሽም» ማለት እንዴት ይሆናል? ፈራ። አፈረም።

«ምን ማለትሽ ነው?» አለ ሳቅ እየሞከረ። «ፊደሉ እኮ ትናንት አልቋል።»

ፈርሃና ወደ ኮምፒዩተሩ ጎንበስ አለች። «አልቋል?»

«አንድም የቀረ የለም።»

ሐጂ ከመስጊድ ሲመለሱ በር ላይ ይህችን ሰሙ። «አልሐምዱሊላህ!» ብለው ጮኹ። ማሽኑን በገዛ እጃቸው አበሩት። ሐቢባን ጠሩ፣ ሐቢባ ጎረቤቱን ጠራች፣ ሱቋ በእልልታ ተሞላች። ሐጂ ካርዱን ከማሽኑ እየነጠቁ ለመጣው ሁሉ ያድላሉ።

ሉቅማን አንዱን ለፈርሃና ሰጣት። ካርዱን አላየችውም።

«እኔ እኮ እምቢ እንድትል ነበር የመጣሁት» አለች፣ በእልልታው መሀል እሱ ብቻ በሚሰማው ድምፅ። «አንተ ብትለው እኔም ድፍረት አገኝ ነበር። ዓመቱን ሙሉ እንዳያልቅ ዱዓ ሳደርግ ነበር።»

ሁለቱም አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ገመድ ሁለት ጫፍ ታስረው ኖረዋል።

«አንቺ ንገሪያቸው» አለ።

«አንተ ንገራቸው።»

ሐጂ እንባቸውን እየጠረጉ መጡና በመካከላቸው ቆሙ፤ ሁለቱንም በየትከሻቸው አቅፈው ወደ ሰዉ አዞሯቸው። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ሊያነሳቸው ነው። ሁለቱም ፈገግ አሉ።