የኮርቻው ዳንቴል

...የእሷ እጅ ነው፣ ሌላ ሰው አበባውን በሰባት ቅጠል አይጨርስም፣ ዳንቴል የምትሠራ ሴት ሁሉ ወይ ስድስት ወይ ስምንት ነው የምታደርገው፣ ማንጠግቦሽ ብቻ ናት ሰባት፣ ቤታችን ሬድዮው ላይ ሰባት፣ ከግርማዊነታቸው ፎቶግራፍ ሥር ያለው ጠረጴዛ ላይ ሰባት፣ አሁን ደግሞ እዚህ፣ ወልዱ ሙዚየም ብሎ በሰየመው አሮጌ የቡና መጋዘን ውስጥ፣ በአንዲት ጥቁር ብስክሌት ኮርቻ ላይ፣ ሰባት። ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ።

ሚስቴ የሰው ኮርቻ ምን አገባት?

ረጋ በል ሽብሩ፣ ሰው ያይሃል። ግማሹ የዲላ ከተማ እዚህ ነው፣ ወልዱ ጎማ ሲጠግን የኖረ ሰው፣ ባለቤት ያጡ ብስክሌቶችን ሰብስቦ፣ ወልውሎ፣ በእያንዳንዱ ላይ ካርቶን አንጠልጥሎ፣ ከቅዳሴ በኋላ ቤተሰባችሁን ይዛችሁ ኑ አለ፣ እኔም የአውራጃው መዝገብ ቤት ጸሐፊ አይደለሁ፣ ከረባቴን አሰርኩ፣ ማንጠግቦሽንና የስምንት ዓመቷን ልጃችንን ውዳሴን ይዤ መጣሁ። ቆይ፣ ማን ነው እንሂድ ያለው? እሷ። ሲኒማ ስላት ራሴን ያመኛል የምትል ሴት ዛሬ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ጠበቀችኝ። ለብረት? ለላስቲክ? እኔ ጅል ነኝ እንዴ።

ካርቶኑን አነባለሁ። የጪጩ ክሊኒክ ብስክሌት፣ ድሬሰር ደመላሽ። ደመላሽ! ያ የክሊኒኩ ቁስል አሻጊ፣ ጺሙን በመቀስ ሲከረክም የሚውለው፣ ሠርጋችን ሁለት ወር ሲቀረው ድንገት ወደ ሬኮ ልዛወር ብሎ የሄደው። ለምን ሄደ? ሳታገባኝ በፊት ሁለት ዓመት ጪጩ አብራው ሠርታለች፣ ቁስል ስታጥብ፣ መርፌ ስትቀቅል፣ እሺ፣ ታዲያ አብሮ ለሠራ ሁሉ ዳንቴል ይሠራለታል? እኔም መዝገብ ቤት ከሦስት ሴቶች ጋር ነው የምሠራው፣ ወንበሬ ራቁቱን ነው።

ወልዱ ስለ ሰንሰለት ያስረዳል። ሰንሰለቱን ተወው ወልዱ።

የሠርጋችን ሌሊት ደም አልነበረም። በቃ፣ አልኩት፣ ለራሴ እንኳን አንድ ቀን በግልጽ ብዬው አላውቅም። ሚዜዎቼ ደጅ ቆመው ጨርቁን ይጠብቃሉ፣ ጨርቁ ደግሞ አባቷ ቤት መድረስ አለበት፣ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች፣ ምላጭ አወጣሁና የእግሬን አውራ ጣት በጣሁ፣ የእጄ ቢሆን ይታያል ብዬ፣ ብልጡ ሽብሩ፣ እልል ተባለ፣ ተጨፈረ፣ እኔ ሳምንት ሙሉ በጫማዬ ውስጥ አነከስኩ። ቸር ሰው ነኝ አልኩ። ሌላው ቢሆን አህያ ላይ ጭኖ ይመልሳት ነበር። ግን ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰውየውን ስፈልገው ኖርኩ፣ ፖስተኛው ነው አልኩ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ መምህር ነው አልኩ፣ ኮቱን አንስታ የሰጠችው የእናቴ የንስሐ አባት እንኳን አልቀረም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሰውየው ለካ እዚህ ካርቶን ላይ ተጽፎ ይጠብቀኛል።

ማንጠግቦሽ መጣች። አታየኝም፣ ብስክሌቷን ነው የምታየው፣ እጇ መሪው ላይ አረፈ፣ አውራ ጣቷ ሳይፈልግ ደወሉን አገኘው፣ ሳይፈልግ! ደወሉ ቅጭል አለ። ውዳሴ ሳቀች፣ እናቷም ሳቀች፣ ይህን ሳቅ ቤት ውስጥ ሰምቼው አላውቅም።

ዳንቴሉን ለደመላሽ ነው የሠራሽው? አልኩ። ድምፄ እንዴት እንዲህ ቀጠነ።

ለራሴ ነው፣ አለችኝ፣ ደመላሽ መች መንዳት ያውቃል፣ ስሙ የተጻፈው ኃላፊው እሱ ስለሆነ ነው፣ የምነዳት እኔ ነበርኩ።

አንቺ? ሴት ልጅ? ቀስ ብላ ነገረችኝ፣ ጎህ ሲቀድ ሰው ሳይወጣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠምጥማ ከዲላ ጪጩ ትሄድ እንደነበር፣ አንድ ቀን የለገዳራ ወንዝ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ ብሏት በዚህ፣ በዚህ በመሃል ብረት ላይ እንደወደቀች፣ ሁለት ቀን እንደደማች፣ አክስቷ አፍሽን ያዢ ማን ያምንሻል እንዳለቻት። ማን ያምንሻል፣ እውነቷን ነው፣ ማን ያምናል፣ ጥሩ ተረት ነው፣ ዘጠኝ ዓመት ሲሠራ የከረመ ተረት፣ ማንጠግቦሽ ደግሞ ሥራ ታውቃለች። ብረቱን አየዋለሁ። ምን እንደምፈልግበት አላውቅም፣ ብረት ነው። ደመላሽ ለምን ሬኮ ሄደ? አልኳት። ሚስቱ የሬኮ ልጅ ናት፣ አለች። ሚስት ነበረችው እንዴ? ልጆችም፣ አለች።

ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?

ዞረች፣ አሁን እኔን ነው የምታየው፣ ምላጩን ስታወጣ ሰምቻለሁ፣ አለችኝ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ አሁን ይጠይቀኛል፣ አሁን ይጠይቀኛል እያልኩ ነበር፣ ጣትህን ቆረጥክ እንጂ አልጠየቅኸኝም፣ ፈርደህ ጨርሰህ ነበር።

አፈርኩ። ሕዝብ መሃል ከረባት አስሬ አፈርኩ። ታውቅ ነበር፣ ያነከስኩባትን ሳምንት ሁሉ ታውቅ ነበር፣ እግሬን በሞቀ ውኃ ስታጥብልኝ ጫማ ላጠኝ ስላት አዎ ስትለኝ ታውቅ ነበር፣ በሕይወቴ አንድ ደግ ነገር ሠርቻለሁ ብዬ የያዝኩት እሱን ነበር፣ እሷ ላይ የዘጋሁት በር ነው ለካ።

አባባ ልውጣባት? ውዳሴ ናት፣ ወልዱም ትውጣ ይላል፣ የእናቴ የማኅበር ሴቶች በር ላይ ናቸው፣ ያያሉ፣ እስከ ማታ ከተማውን ያዳርሱታል፣ ማንጠግቦሽ አየችኝ። ብድግ አደረግኋት። ቀላል ናት፣ እግሯ ፔዳሉ ጋ አይደርስም፣ ኮርቻውን ይዣለሁ፣ አይዞሽ፣ ይዣለሁ፣ አንድ ቀን ይህቺን የሚያገባት ይመጣል፣ እንደ እኔ ዝም ሲል ደግ የሆነ የሚመስለው ሰው፣ ምን እንደምለው አላውቅም፣ ብቻ ይጠይቃት፣ በልቡ የገባውን ሁሉ ይጠይቃት፣ ከዚያ ደግሞ ስትመልስ ዝም ብሎ ይስማት፣ እኔ ራሴ ገና ዛሬ መስማት ጀመርኩ...