ውሃልክ ያረቀቀው ደንብ

አሠሪው ከሞተ በኋላ የእንጨት ሥራ ቤቱ ሦስት ወር ያለ ጌታ ቆየ። ሴት ልጁ ቁልፉን ለስምንቱ ሠራተኞች አስረክባ፣ «አባቴ ከእኔና ከእናንተ ሌላ ዘመድ አልነበረውም፤ ተስማምታችሁ ሥሩበት» ብላ ሄደች። ተስማምታችሁ! ስምንት ሰው በአንድ መዶሻ እንኳ አይስማማም።

አሠሪው እያለ ሕጉ አፉ ነበር። ሲቆጣ ሕግ ይወጣል፣ ሲስቅ ይሻራል። ሁሉም ያሙት ነበር። እሱ ሲሄድ ሐሜቱ ቀርቶ ጠቡ መጣ። ባለማሽኑ ባሻው ሰዓት መጋዙን እያስነሳ የቀቢውን ቫርኒሽ ሳይደርቅ አቧራ ያለብሰዋል፤ ቀቢው በበቀል የማሽኑን ቀበቶ ይደብቃል። የጋራ መላጊያዎች አንድ በአንድ ጠፉ። በመጨረሻ ቡጢ ተነስቶ የባለማሽኑ የፊት ጥርስ ወለቀ፤ ያኔ ነው «የሚያስተዳድረን ሰው ያስፈልገናል» የተባለው። መንግሥት የሚወለደው እንዲህ ነው፤ ከፍቅር ሳይሆን ከወለቀ ጥርስ።

ሐሳቡን ያመጣው ውሃልክ ነበር፤ በዕድሜ የሁሉም ታላቅ። ውሃልክ ያሉት የሠራው በር ሁሉ ቀጥ ስለሚል ነው። እሱ ግን ስሙ ውስጥ ፌዝ ይሰማው ነበር። ፌዝ እሱን ፈልጎ አጥቶት አያውቅም። ስድስተኛ ክፍል ሳለ አስተማሪው «አንተ ራስህ እንጨት ነህ» ብሎት ክፍሉ ሲስቅ፣ የሳቁትን በየተቀመጡበት ወንበር ሳይቀር ዛሬም ይቆጥራቸዋል።

በዓለም ላይ የሚሰስተው ለአንድ ነገር ነው፤ ከመስኮቱ ሥር ላለው የሥራ ጠረጴዛው። ግራ ዐይኑን ሞራ ጋርዶታል፤ ቀኙም እየተከተለ ነው። መስኮቱ ሥር ሆኖ የእርሳስ መስመር ይታየዋል። ሁለት እርምጃ ከራቀ ግን መስመሩም እንጨቱም አንድ ጥላ ነው። ይህን ከሚስቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ሌሎቹ ቢያውቁ ቦታውን ብቻ ሳይሆን ሙያውንም እንደሚነጥቁት እርግጠኛ ነበር።

ስለዚህ ደንቡን ራሱ ጻፈው። አንድ ሳምንት ሙሉ ሲጽፍና ሲሰርዝ ከርሞ ለሚስቱ አነበበላት።

«አንቀጽ ሰባት። ሊቀመንበሩ የሥራ ቦታና የሥራ ዓይነት ይደለድላል። ውሳኔው ይግባኝ የለውም።»

«ሊቀመንበሩ ሌላ ሰው ከሆነስ?» አለች።

«ማን? ደንቡን የጻፈው ማን ሆነና!»

«እኔማ ምን አውቃለሁ። ቀሚስ እንኳ ስገዛ ካልሆነኝ እመልሳለሁ ብዬ ነው።»

«ቀሚስና አስተዳደር አንድ ነው እንዴ?» ብሎ ወረቀቱን አጠፈ።

በስብሰባው ላይ የተቃወመ ባለማሽኑ ብቻ ነበር። «ጋሼ፣ ይቺ ይግባኝ የለውም የምትለዋ ነገር ከበደችኝ። ሰው ሲበደል የት ይሂድ?»

«ሁሉም ከሆነ ቃልቻ፣ ማን ይሸከማል ስልቻ!» አለ ውሃልክ። «ስምንታችንም ዳኛ ከሆንን ወደ ጥርሱ መመለሳችን ነው። የቀሩህን አትወዳቸውም?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ደንቡ ጸደቀ። በዕድሜው ሙሉ ሰው ከእሱ ጋር እንጂ በእሱ ላይ ያልሳቀበት ቀን ያ ብቻ ነው።

ለሊቀመንበርነት የቀረቡት ውሃልክና ቀቢው ነበሩ፤ ምርጫው በምስማር ሆነ። ከዕቃ ቤቱ በር ጀርባ ሁለት ጣሳ ተቀመጠ፤ አንዱ የውሃልክ፣ አንዱ የቀቢው። እያንዳንዱ ተራ በተራ ገብቶ አንድ ምስማር ይጥላል። ጣሳዎቹን የመረጠው ውሃልክ ነው። ለራሱ ኮላ የደረቀበትን አስቀመጠ፤ ምስማር ሲወድቅበት ድምፅ የለውም። የቀቢው ግን ባዶ ጣሳ ስለሆነ ያቃጭላል። ማን እንደከዳው በጆሮው ሊለይ ነበር፤ ቂም ስም ይፈልጋል።

ግን ጆሮ ያለው እሱ ብቻ አልነበረም። መጀመሪያ የገባው ባለማሽኑ ነው፤ ጣሳው አቃጨለ። ቀጥሎ ቀቢው ገባ፤ አቃጨለ። ውጭ የቆሙት ተያዩ። ነገ ቦታ የሚደለድለው፣ ይግባኝ የማይባልበት ሰው ማን ሊሆን እንደሆነ የሰሙ መሰላቸው። እንዲህ ያለውን ሰው አልመረጥኩም ብሎ ማን ይኖራል? ሦስተኛው አቃጨለ፤ አራተኛው እንዲያውም እንዲሰማለት ከፍ አድርጎ ጣለው። ሲቆጠር ስድስት ለሁለት። ከሁለቱ አንዷ የውሃልክ የራሱ ነበረች። ሌላዋ ጆሮው የደነቆረው የወንበር ሠሪው ነበረች።

ሰኞ ጠዋት ቀቢው መስኮቱ ሥር ቆሞ ጠበቀው።

«ጋሼ፣ ቀለም ብርሃን ይወዳል። እርስዎ ወደ ማዕዘኑ ይዛወሩ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁበት ነው!»

«አውቃለሁ። የተለየ ምክንያት ካለዎት ይንገሩኝ።»

ምክንያቱ ምላሱ ጫፍ ደረሰ። ሰባቱም ሥራቸውን አቁመው ያዩት ነበር። «ስብሰባ ይጠራልኝ» አለ።

ቀቢው ከኪሱ ደንቡን አወጣ፤ አላነበበውም፣ አሳየው እንጂ።

ውሃልክ ወደ ባለማሽኑ ዞረ። «አንተስ? ሰው ሲበደል የት ይሂድ ስትል አልነበረም?»

«ብዬ ነበር ጋሼ» አለ ባለማሽኑ፤ ሲናገር ክፍተቱ ታየ። «ያሳቁብኝም እርስዎ ነዎት።»

ማዕዘኑ ውስጥ የሚበራው አምፖል ከጣሪያው አቧራ በቀር ለማንም አያበራም። ውሃልክ የቁምሳጥን በር በግምት ለካ፣ በግምት ቆረጠ። በሩ ሲገጠም ሁለት ጣት አጠረ። ሁለተኛውም አጠረ። ቀቢው አልጮኸም። ቢጮህ በተሻለ። እርሳስ አንስቶ ከውሃልክ ፊት ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብሎ አሻገረ፤ ዐይኖቹ አልተከተሉትም።

«ቀድመው ቢነግሩን ኖሮ ጋሼ…» አለና እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ። ከዚያ፣ «ከነገ ጀምሮ ማለስለስ ላይ ይሁኑ። ለእሱ እጅ ይበቃል።»

ማለስለስ ሥራ ያልለመደ ሰው የሚጀምርበት ነው። ውሃልክ ዝቅ ያለ ሳጥን ላይ ተቀምጦ፣ ሌሎች የቆረጡትን ጣውላ ጭኑ ላይ አድርጎ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል። በመጀመሪያው ሳምንት ሰላምታ ሲሰጡት አልመለሰም። በሁለተኛው ሳምንት ሰላምታውም ቀረ።

አንድ ከሰዓት ውሃልክ ፈትጎ የጨረሰውን ጣውላ ቀቢው መልሶ ጭኑ ላይ አኖረለት።

«እዚህ ጋ ሻካራ ቀርቷል።»

ውሃልክ ሊሰድበው አፉን ከፈተ። ከዚያ በጣቱ ዳሰሰው። እውነት ነበር።